የሰማይ መንገድ ስንቅ

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላል ያገሬ ሰው። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ይህን አባባል የግነት ምሳሌ አድርጌ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈው ነበር። ዛሬ ግነትነቱ ቀርቷል። ማታ ከቦሌ ተነስቶ፣ እራት በልቶ፣ ትንሽ አሸልቦ፣ ጠዋት ሌላ አህጉር ላይ መንቃት የብዙ ሰው ነገር ሆኗል። ነጋዴው ጓንዡ ይሄዳል፤ እናት የልጅ ልጅ ልታይ ዋሽንግተን ትሄዳለች፤ ታማሚው ባንኮክ ወይም ዴልሂ ይሄዳል። እኔ በተረቱ ላይ የማነሳው ሂስ ሌላ ነው። «ገንዘብ ካለ» ይላል እንጂ የማን ገንዘብ እንደሆነ አይናገርም። ብራችን እኮ ቦሌ ላይ ነው የሚሰናበተን። ፍተሻውን አልፈን የመጨረሻዋን ማኪያቶ የጠጣንበት ብር፣ አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ የአገር ናፍቆት ማስታወሻ ካልሆነ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አይገዛልንም።

ስለዚህ ስለ ጉዞ ገንዘብ የተጻፈ የፈረንጅ ምክር ሳነብ ፈገግ እላለሁ። ብዙ ጥሬ ገንዘብ አትያዙ፣ ካርዳችሁን ያዙ፣ ሲያስፈልጋችሁ ከማሽን አውጡ ይላል። ለጻፈው ሰው እውነት ነው። የእሱ ደመወዝ የሚገባበት ካርድ ሮምም ናይሮቢም ይሠራል። የብዙዎቻችን የደመወዝ ካርድ ግን ከአገር ሲወጣ አፉ ይዘጋል። አሁን አሁን ባንኮቻችን ለመንገደኛ ዶላር የሚሞላበት ካርድ ይሰጣሉ፤ ጥሩ ነው። ቢሆንም ሰው ጥሬ ዶላር ጠቅልሎ የሚሄደው ስላልሠለጠነ አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት ሌላ መንገድ ስላልነበረው ነው። ይህን አስቀድሜ የምለው፣ ቀጥሎ የምወረውረው ወቀሳ ሁሉ መንገደኛው ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳያርፍ ነው። ወቀሳው ግን አለ። ችግር ያስተማረን ዘዴ ችግሩ ሲላላም አይለቀንም፤ ውሎ ሲያድር ጠባይ ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ጠባዩ ነው።

ዶላርን የምንመረምርበትን ዓይን እንይ። አንድ ሰው መቶ ዶላር ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያየው ቁጥሩን አይደለም፤ የፍራንክሊንን ጭንቅላት ነው። ትልቅ ነው ትንሽ? ሰማያዊው ጥለት አለው የለውም? ጥጉ ላይ የእስክሪብቶ ጭረት፣ የማኅተም ቀለም፣ የእጥፋት መስመር አለበት? ሃምሳና ሃያ ከሆነማ ዋጋው ዝቅ ይላል። ባለ አምስትና ባለ አንድ ይዞ መንዛሪ ፊት የቆመ ሰው እንደ ለማኝ ይታያል።

ይህ ምርመራ የዛሬ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1780 የሞተችው የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ ምስሏ ያለበት ብር በኛ ገበያ ሲዘዋወር፣ አያቶቻችን በራስ ጌጧና በትከሻዋ ላይ ያሉትን ነጥቦች እየቆጠሩ ነበር የሚቀበሉት። ነጥብ ከጎደለ ወይም ፊቷ ከተፋቀ፣ «አልፈልግም፣ ሌላ አምጣ» ነው መልሱ። ኦስትሪያዎቹም ገበያቸውን ያውቃሉና ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ያችኑ 1780 ሳይነኩ መምታቱን ቀጠሉ። አፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ የራሳቸው ምስል ያለበትን ብር ፓሪስ አሠርተው ሲያመጡ እንኳ፣ ገበያተኛው የለመዳትን ሴት ለመልቀቅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። እንግዲህ የውጭ ሰው ፊት አይቶ ገንዘብ መለየት ከአያት የወረስነው ሙያ ነው።

ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የአያቶቻችን ጥንቃቄ ምክንያት ነበረው። ማርያ ቴሬዛ ራሷ ብር ናት፤ ስትፋቅ ሚዛኗ ይቀንሳል፣ ሚዛኗ ከቀነሰ ዋጋዋ ይቀንሳል። ዶላሩ ወረቀት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ያወጣውን ኖት አልሽርም ባይ ነው፤ ትንሹም ጭንቅላት ትልቁም ጭንቅላት እዚያ በሕግ እኩል መቶ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ጭንቅላቱ የተለቀው፣ በ2013 ሰማያዊው ጥለት የገባበት፣ ሐሰተኛውን ለመከላከል እንጂ አሮጌውን ለመሻር አልነበረም። ታዲያ የሻረው ማነው? እኛና እንደኛ ያሉ ገበያዎች ነን። መሻራችን ደግሞ ለአንድ ወገን እንጀራ ሆኗል። ብሔራዊ ቴአትርና ጎማ ቁጠባ አካባቢ ትንሹን ጭንቅላት በቅናሽ የገዛ ሰው በሙሉ ዋጋ የሚሸጠው ለማን ነው? ላላወቀው፣ ለቸኮለው፣ ነገ ሌሊት ለሚበርረው። መንገደኛው አሜሪካ የሚሄድ ከሆነ ግዴለም። ወደ ሦስተኛ አገር ከሆነ ግን እዚያም እንደኛ ዓይነት መርማሪ መንዛሪ መስታወት ጀርባ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ ያችን ጭረት አይቶ በመስኮቱ ይመልስለታል።

ፓውንድ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እንግሊዞች ይሽራሉ። የወረቀቱ ሃያና ሃምሳ ፓውንድ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2022 ከሱቅ ግብይት ወጥቷል፤ አሁን የሚሠራው ፕላስቲኩ ነው። ዳዊት መሃል የተቀመጠች የወረቀት ፓውንድ ያለቻችሁ፣ የእንግሊዝ ባንክ አሁንም ይቀይራል እንጂ የለንደን ባለሱቅ አይቀበላችሁም። ዶላርን በማይሻርበት እየሻርን፣ የሚሻረውን ፓውንድ ለልጅ ልጅ እናስቀምጣለን። የራሳችንም ብር በመስከረም 2013 ዓ.ም. ተቀይሮ የሦስት ወር ጊዜ ሲሰጠው፣ ዋሽንግተንና ሮም መሳቢያ ውስጥ የነበረው አሮጌ መቶ ብር «ለሚቀጥለው ጉዞ» እንደተባለ እዚያው ቀርቷል።

ወደ መቀነቱ ልምጣ። የኛ ሰው ገንዘብ የሚይዝበት ቦታ ራሱን የቻለ ጥናት ይወጣዋል። እናቶች መቀነት ጫፍ ላይ ይቋጥራሉ፤ መቀነት በቀረበት ዘመን ከውስጥ ልብስ ላይ በተሰፋች ትንሽ ከረጢት ያደርጉታል። ወንዱ ካልሲ ውስጥ፣ በቀበቶው ስር፣ ብልጥ ነኝ ያለው በርበሬ በተቋጠረበት ላስቲክ ውስጥ። (በርበሬው በፍተሻ ሲፈታ ምን እንደሚከተል ለናንተ ምናብ ትቼዋለሁ።) በቦታው አልከራከርም፤ ሌባ ባለበት ዓለም ሰውነት ላይ መያዝ ክፉ አይደለም። የምከራከረው ሁለት ነገር ላይ ነው፤ ሁሉም አንድ ቦታ መሆኑና ከባለቤቱ በቀር የሚያውቅ አለመኖሩ።

ገንዘብ በኛ ባህል ምስጢር ነው። ባል ስንት እንደያዘ ሚስት አታውቅም፤ ሚስት ስንት እንደቋጠረች ባል አያውቅም። ቤት ውስጥ ሲሆን ጨዋታ ነው፣ የሠርግ ቀን ይስቁበታል። ባዕድ አገር ሆስፒታል ውስጥ ሲሆን ግን ጨዋታ አይደለም። የማውቃቸው አንድ ቤተሰብ አባታቸውን ለልብ ሕክምና ባንኮክ ወሰዱ። ቤት ተሽጧል፣ ዕድሩ አዋጥቷል፣ ዘመድ አበድሯል፤ ሁሉም ወደ ዶላር ተለውጧል። ዶላሩን የያዙት እኚሁ ታማሚው አባት ናቸው፤ «በኔ እጅ ይሁን፣ እናንተ ልጆች ናችሁ» ብለው። ልጁ አርባ ዓመት አልፎታል። በደረሱ ማግሥት ሰውየው ራሳቸውን ሳቱ። ሆስፒታሉ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀ፤ እንዲህ ያሉ የግል ሆስፒታሎች ያለ ቅድሚያ ክፍያ ትልቅ ሕክምና አይጀምሩም። ልጅና እናት ሻንጣ እየፈቱ፣ ኮት እየዳሰሱ፣ የጫማ ሶል እያነሱ ሌሊቱን አነጉ። ገንዘቡ የተገኘው ጠዋት ነው፤ ነርሷ ልብሳቸውን አውልቃ በላስቲክ አድርጋ አስቀምጣው ኖሮ፣ የሰርጅ ኮታቸው ገበር ውስጥ ተሰፍቶ። ሰውየው ዳኑ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጁ ግን ይህን ሲነግረኝ ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለዚያ ሌሊት ነበር ድምፁ የሚንቀጠቀጠው። «አባቴ እየሞተ ኪሱን እፈትሽ ነበር» አለኝ።

አባት በልጃቸው አለማመናቸው አይደለም። ስንት እንደያዙ ከታወቀ ስንት እንዳነሳቸው ይታወቃል፤ ስንት እንዳነሳቸው ከታወቀ ደግሞ ማዕረጋቸው ይነካል። በኛ ቤት የአባት ማዕረግ በኮት ገበር ውስጥ ይሰፋል። ወረቀት ላይ፣ «ይህን ያህል እዚህ አለ፣ ይህን ያህል እዚያ አለ» ብሎ ጽፎ ለልጅ መስጠት የሚከብደን ለዚህ ነው። ለሕክምና ለሚሄድ ሰው ደግሞ ከሁሉም የሚሻለው ከመነሳቱ በፊት ከሆስፒታሉ የዋጋ ግምት በጽሑፍ አስመጥቶ፣ ባንኩን በቀጥታ ለሆስፒታሉ አስተላልፉልኝ ብሎ መጠየቅ ነበር። ባንክ ቤት ወረቀቱ ይበዛል፣ አውቃለሁ፤ ጥቁሩ ገበያ ወረቀት አይጠይቅም። የኮት ገበርም ወረቀት አይጠይቅም።

ከምስጢሩ ጋር የተያያዘ አንድ ፍርሃት አለ፤ ገንዘብን ማሳወቅ መወረስ ይመስለናል። አሜሪካ የሚገባ ሰው ከ10,000 ዶላር በላይ ከያዘ፣ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ 10,000 ዩሮ ወይም ከዚያ በላይ ከያዘ፣ ዱባይ የሚገባ ከ60,000 ድርሃም በላይ ከያዘ ማሳወቅ አለበት። ማሳወቅ ነው እንጂ መክፈል አይደለም። ቀረጥ የለበትም፤ «ይዣለሁ» ብሎ ፎርም መሙላት ነው፣ ከየት እንዳመጣህ ከተጠየቅህ መናገር ነው። የሚወረሰው ያልተናገረ ነው። የኛ ሰው ግን ፎርም ሲያይ ቀበሌ ትዝ ይለዋል። ለአራት ቤተሰብ ያካፍልና «እያንዳንዳችን ከአሥር ሺህ በታች ነን» ይላል፤ አሜሪካኖቹ አብሮ የሚጓዝን ቤተሰብ ገንዘብ በአንድ ላይ እንደሚቆጥሩት፣ ሆን ብሎ መከፋፈሉም ራሱ ጥፋት እንደሆነ የሚነግረው የለም። የአገራችን ጉምሩክና ብሔራዊ ባንክም የየራሳቸው ወሰን አላቸው፤ ወሰኑ በየጊዜው ስለሚቀያየር ከመነሳት በፊት መጠየቅ እንጂ «ባለፈው ስሄድ እንዲህ ነበር» አይሠራም።

«ይዘህልኝ ሂድ» የሚባለውም እዚሁ ላይ ይገባል። ጎረቤት ሰምቶ ይመጣል፤ ለልጁ የምትላክ አንድ ሺህ። የሥራ ባልደረባ ይመጣል፤ ሁለት ሺህ። ዶሮ ወጥ፣ ድርቆሽና ዶላር በአንድ ሻንጣ ይታሸጋሉ። የፍተሻው ሠራተኛ «ይህ ገንዘብ የማነው?» ሲል መንገደኛው የስድስት ሰው ስም ሊጠራ ነው። እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ብቻ ሰው የማያውቀውን ገንዘብ ባለቤትነት በራሱ ፓስፖርት ላይ ይሸከማል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የጉዞ ገንዘብ ሲነሳ እኔን የሚያስፈራኝ ሌባውም ጉምሩኩም አይደለም። ይሉኝታው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን እህታቸው ልጅ ዘንድ ይሄዳሉ። ዶላር እንደ ልብ አይገኝምና ትንሽ ነው የያዙት። ልጁ ካርዱን ይዞ ገበያ ይወስዳቸዋል። ለልጆች ጫማ፣ ለሙሽራዋ ቦርሳ፣ ለመድኃኒት፣ ለጥርስ። ካርዱ ይመታል። እትዬ «ልጄ፣ ይጻፍ፤ አዲስ አበባ ስገባ ለእናትህ በብር እሰጣለሁ» ይላሉ። ልጁ «ኧረ እትዬ፣ ምን ችግር አለ» ይላል። እንዲህ ዓይነቱ ልውውጥ ከሕጉ አንጻር የት እንደሚወድቅ የሕግ ሰዎች ይናገሩ፤ የማይደረግበት ቤት ግን ጥቂት ነው። የአራት ሳምንቱ ሒሳብ ሁለት ሺህ ዶላር መጣ እንበል። እትዬ አገር ቤት ገብተው ብሩን ቆጥረው ለእህታቸው ይሰጣሉ። እናት ለልጅ ስልክ ትደውላለች። ስልኩ ላይ ዝምታ ይሆናል።

በስንት ታሰበ? ጥያቄዋ ይህች ናት፤ ገበያ ሲገቡ መጠየቅ ነበረባት፣ ማንም አልጠየቃትም። እትዬ በባንክ ነው ያሰቡት፤ ሕጋዊ ሴት ናቸው፣ ባንክ ቤት ግድግዳ ላይ የተጻፈውን አይተው ነው። ልጁ በጥቁሩ ነው ያሰበው፤ ለእናቱ ዶላር ሲልክ ሰዉ ሁሉ የሚያወራው ያንን ዋጋ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የባንኩ ዶላር 57 ብር ገደማ ሆኖ የጥቁሩ ወደ እጥፍ ተጠግቶ ነበር። በባንክ ሒሳብ ሁለት ሺህ ዶላር 114 ሺህ ብር ነው፤ በሌላው ሒሳብ ሌላ መቶ ሺህ ብር ይጨመርበታል። መቶ ሺህ ብር ለሁለት እህትማማቾች ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ግን ማንም አፉን አውጥቶ «እትዬ፣ አንሷል» አይልም። እናት ብሩን ተቀብላ ታመሰግናለች። በሚቀጥለው ፋሲካ እህቷ ቤት አትሄድም። ለምን ቢሏት ራሷን አሟት ነው።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን መጣ። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው፤ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ባንክ ቤትም ከመቶ ብር ተሻገረ። እንግዲህ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ካርድ አስመትቶ ነሐሴ ላይ ብር የከፈለው ሰው በየትኛው ቀን ዋጋ ይክፈል? በተገዛበት ቀን ወይስ በተከፈለበት ቀን? ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ያኔ ስንት ቤት እንዳኮረፈ ብሔራዊ ባንክ አልቆጠረውም። ብር ሲወርድ ደግሞ የመጀመሪያው አይደለም፤ በ1985 ዓ.ም. መስከረም ከ2.07 ወደ 5 ብር፣ በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት በ15 በመቶ ወርዷል። በየዘመኑ መሃል መንገድ ላይ የተያዘ ሰው ነበር። ነጋዴ ውል ይጽፋል። ዘመድ ውል አይጽፍም፤ «ከእህቴ ልጅ ጋር ውል?» ይባላል።

እኔ እላለሁ፣ ካርዱ ከመመታቱ በፊት «እትዬ፣ በስንት ነው የምናስበው?» ማለት ስድብ አይደለም። እትዬም «ልጄ፣ በስንት ትፈልጋለህ? አቅሜን ልወቅ» ማለታቸው ንፉግ አያደርጋቸውም። ይህች አጭር ንግግር አሳፋሪ የሆነችው በምን ሒሳብ እንደሆነ አይገባኝም፤ ለዓመታት መኮራረፉ አሳፋሪ ሳይሆን።

ስለ ካርዱ ራሱ ባጭሩ። ዶላር የተሞላበት ካርድ ይዛችሁ አውሮፓ ሱቅ ውስጥ ስትከፍሉ ማሽኑ አንዳንዴ ይጠይቃል፤ በዩሮ ልቁረጥ ወይስ በዶላር? የኛ ሰው ዶላር የሚለውን ሲያይ ያገሩን ሰው ያገኘ ያህል ደስ ይለውና ይጫናል። ዶላር ዘመዳችን ይመስለናል። ዋጋውን የሚተምነው ግን የባለሱቁ ወገን ነው፤ ትርፉን ጨምሮበት። ሁልጊዜ ያገሩን ገንዘብ መምረጥ ነው። ሆቴል ደግሞ ስትገቡ ከካርዳችሁ ላይ ለመያዣ ብሎ ገንዘብ ይይዛል፤ አልወሰደውም፣ ግን እናንተም አትነኩትም፤ ከወጣችሁ በኋላ ለመለቀቅ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። አምስት መቶ ዶላር ብቻ የተሞላበት ካርድ ላለው ሰው ሁለት መቶው ሲታሰር ራቱን የት እንደሚበላ ማሰብ አለበት። ስዊድን ብዙ ሱቅ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም፤ በሕግም አልቀበልም ማለት ይችላል፤ ያ ሁሉ የተሰፋ መቶ ዶላር አንድ ቡና አይገዛም። ጓንዡ ያለው ቻይና በስልኩ ነው የሚከፍለው፤ ከእ.ኤ.አ. 2023 ወዲህ የውጭ ቪዛና ማስተርካርድ ከአሊፔይና ከዊቻት ጋር ማያያዝ ይቻላል። ነጋዴዎቻችን ይህን ከኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ እነሱ ሁልጊዜም ከምሁሩ አንድ እርምጃ ይቀድማሉ።

ሌላው በሽታችን ማባዛት ነው። ፓሪስ ቡና ቤት የተቀመጠ ወዳጄ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ አይቶ፣ በዩሮ ዋጋ አባዝቶ፣ «ይህ እኮ አንድ ኪሎ ቡና ነው!» ብሎ ተነስቶ ወጣ። ሒሳቡ ትክክል ነው። ቡናውም የኛ ሊሆን ይችላል። ግን ሰውየው አሥር ቀን ሙሉ ውኃ ጠጥቶ፣ ከአዲስ አበባ ያመጣውን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠመ ሙዚየም በር ላይ ቆሞ ተመለሰ። ከዶላር መቶ ብር ማለፍ ወዲህ ማባዛቱ ራሱ ሰው ያሳምማል። ሆኖም ያው ሰው የመጨረሻው ቀን ላይ ለአሥራ አንድ ዘመድ ስጦታ ሲገዛ አያባዛም። ለራስ ሲሆን እናባዛለን፣ ለይሉኝታ ሲሆን ሒሳብ እንረሳለን። ይህን የኢኮኖሚ ሰዎች ምን እንደሚሉት እንጃ፤ በሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ግን ገጸ ባሕርይ ይባላል።

ባንኮቻችን ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚመለከታቸው አንድ ትንሽ ነገር አለች፤ ትንሽነቷ ነው የሚያናድደኝ። ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አቅርባችሁ፣ ወረፋ ይዛችሁ፣ ፎርም ሞልታችሁ የተፈቀደላችሁን ዶላር ስትቀበሉ ሁሉም መቶ መቶ ነው። ባለፈው አንዱ ባንክ መስኮት ላይ ቆሜ «እባክሽ እህቴ፣ አንዱን በአምስትና በአንድ ዝርዝር» ብል፣ ልጅቱ በመገረም አየችኝ። «አባባ፣ ዝርዝር ዋጋ የለውም እኮ!» አለችኝ። ልጅቱን አልፈርድባትም፤ የጎማ ቁጠባው ሕግ መስኮቱን ዘልቆ ባንክ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ከባንክ ውጪም የውጭ ምንዛሪ ቢሮዎች ፈቃድ አግኝተው ሥራ ጀምረዋል፤ እነሱም ከዝርዝሩ ይልቅ መቶውን እንደሚወዱ ሰሌዳቸው ሳይናገር የገባ ሁሉ ያውቃል።

ዝርዝር ዋጋ የለውም ያለችኝ ልጅ አሜሪካ አየር ማረፊያ ውስጥ የሻንጣ ጋሪ እንደሚከፈልበት አላየችም። እዚያ ጋሪዎቹ በሰንሰለት ተያይዘው ቆመዋል፤ ጥቂት ዶላር ወይም ካርድ ካልሰጧቸው አይላቀቁም። መቶ ዶላር አይዘረዝሩም። ባለፈው ዓመት በአንዱ በኩል ሳልፍ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት፣ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች በሁለት እጃቸው እየጎተቱ፣ በየአሥር እርምጃው እያረፉ፣ ልጃቸው ወደቆመበት በር ይሄዱ ነበር። ላግዝዎ ብዬ ስጠጋ አንዱን ሻንጣ ለቀቁልኝ፤ ቦርሳቸውን ግን ወደ ብብታቸው አስጠጉት።